ፒፕ ሲያነሣ የሚተወው ጓዝ

ሕሊና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ጉዳያችን የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይብረሪዎችን፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን ኮዶች፣ «ፒፕ» በተባለው መሣሪያ ትእዛዝ ከሚጻፍበት ከተርሚናል ላይ መጫንና ማንሣት ነው። ዮናስ፣ መጫኑ ቀላል ነው፣ ጣጣው ማንሣቱ ላይ ነው ስትል ሰምቼሃለሁ።

ዮናስ፦ እዚሁ ላሳይሽ። በፓይተን 3.12 አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት፣ ማለትም ላይብረሪዎች ለብቻቸው ተለይተው የሚጫኑበት ፎልደር፣ ከፍቻለሁ፤ የተጫነውን ለማየት «ፒፕ ሊስት» ብዬ ስጽፍ የሚታየው ፒፕ ራሱ ብቻ ነው። ከድረ ገጾች መረጃ ለማምጣት የሚያገለግለውን ሪኩዌስትስ የተባለ ላይብረሪ ለመጫን «ፒፕ ኢንስቶል ሪኩዌስትስ» ስል ግን የጠየቅሁት አንድ ሆኖ ሳለ አምስት ላይብረሪዎች ገቡ፤ ሪኩዌስትስ ያለ ዩአርኤልሊብ3፣ ያለ ሰርቲፋይ፣ ያለ አይዲኤንኤና ያለ ቻርሴት ኖርማላይዘር አይሠራምና።

ሕሊና፦ ስታነሣውስ?

ዮናስ፦ «ፒፕ አንኢንስቶል ሪኩዌስትስ» ስለው የሚሰርዛቸውን ፋይሎች አሳይቶ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ስለው ይሰርዛል። አሁን ዝርዝሩን እዪው፤ አራቱ እንዳሉ ናቸው። እንግዳው ሄደ፣ ጓዙ ቀረ።

ሕሊና፦ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ በኩል ያለው የፒፕ አቻ ኤንፒኤም ሌላ የማይፈልጋቸውን አብሮ ያነሣል። ፒፕን ምን ያግደዋል?

ዮናስ፦ ፒፕ ለሚጭነው ለእያንዳንዱ ላይብረሪ የትኛው ፋይል የት እንደ ተቀመጠ የሚዘረዝር «ሬከርድ» የተባለ ፋይል ይኖራል፤ በማንሣት ጊዜ የሚያየው እሱን ስለሆነ የጠራሽለትን ብቻ ይሰርዛል፣ ጎረቤቱን አይመለከትም። ይህ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ግማሽ ጥንቃቄ ነው የምለው፤ ሌላው ላይብረሪ የሚፈልገውን እንኳ ብታነሺ አያስጠነቅቅሽምና። አንድ ጊዜ ትርፍ መስሎኝ ዩአርኤልሊብ3ን አንሥቼ፣ ማታ በሰላም ያቆምኩት ፕሮግራም ጠዋት «ሞጁል ኖት ፋውንድ»፣ ማለትም ሞጁሉ አልተገኘም፣ እያለ ተቀበለኝ።

ሕሊና፦ ከማንሣትህ በፊት ልታውቀው የምትችልበት መንገድ አልነበረም?

ዮናስ፦ ነበረ እንጂ። «ፒፕ ሾው» ብለሽ የላይብረሪውን ስም ብታስከትዪ በመጨረሻው አካባቢ «ሪኳየርድ ባይ» የሚል፣ ላይብረሪውን የሚፈልጉትን ሌሎች የሚጠራ መስመር ይወጣል፤ እዚያ ስም ካለ እጅሽን ሰብስቢ። ካነሣሽ በኋላ ደግሞ «ፒፕ ቼክ» የጎደለውን ይነግርሻል። እኔ አሁን አንድ በአንድ መልቀሙን ትቻለሁ፤ ራሴ የጠየቅኋቸውን ላይብረሪዎች ብቻ በእጄ በሪኳየርመንትስ ፋይል ላይ እጽፍና ኢንቫይሮመንቱ ሲዝረከረክ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዤ እንደ ገና እጭናለሁ። «ፒፕ ፍሪዝ» የሚያወጣው ዝርዝር ለዚህ አይመችም፤ ጓዙንም ከእንግዳው ጋር ይቀላቅለዋል።

ሕሊና፦ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው እንደ ገና መጫን ወጪ አይሆንም?

ዮናስ፦ ፒፕ ያወረደውን በካሽ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ባለ ጊዜያዊ ማከማቻ፣ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ስሪቱ እስካልተለወጠ ድረስ ትልልቆቹን ፋይሎች ዳግም አያወርድም። ጭራሽ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ኔትወርክ ባለበት ቦታ «ፒፕ ዳውንሎድ» ብለሽ ፋይሎቹን በፍላሽ መውሰድ ትችያለሽ፤ ነገር ግን የሁለቱ ማሽኖች ኦፕሬቲንግ ሲስተምና የፓይተን ስሪት አንድ መሆኑን ሳታረጋግጪ ጉዞ እንዳትጀምሪ።