ስንጣሪዋን አትጣሏት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለና እሱን ላውራችሁ፦ የእንጨት ቅርስ ሳይጎዳ ከምን ዛፍ እንደተሠራ እንዴት እንደሚታወቅ።

ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ ኮርዩጂ የሚባል ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ከእንጨት የተቀረጸ የሚሮኩ፣ ማለትም ወደፊት ይመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ቡድሃ፣ ሐውልት ተቀምጧል። የ7ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። አንድ እግሩን በሌላው ላይ አጣጥፎ፣ የቀኝ እጁን ጣቶች ወደ ጉንጩ አስጠግቶ በሐሳብ ጭልጥ ብሏል። ጣቶቹ ሲበዛ ቀጫጭን ናቸው። በፈረንጆቹ 1960 አንድ ተማሪ ተጠግቶ አንዷን ሰብሯታል። ደግነቱ ተጠግናለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጂሮ ኮሃራ የተባሉ ተመራማሪ የሐውልቱን እንጨት በማይክሮስኮፕ መረመሩት። ቀይ ፓይን የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ምን ያስገርማል ትሉ ይሆናል። የዚያ ዘመን የጃፓን የእንጨት ሐውልቶች በአብዛኛው የሚቀረጹት ካምፎር ከሚባለው ሽታው ኃይለኛ ዛፍ ነበር። ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ቁርጥ ይህንኑ የሚመስል የነሐስ ሐውልት አለ። ታዲያ ከኮሪያ የመጣ ይሆን? በኋላ ጀርባው ላይ ካምፎር ሲገኝ ክርክሩ እንደ አዲስ ተጋጋለ። አልበረደም። የዛፉ ዓይነት ብቻ ይህን ሁሉ አስነሳ!

እንጨትን በትክክል ለመለየት ግን ከሦስት አቅጣጫ በስሱ ቆርጦ ማየት ያስፈልጋል። ማን ደፍሮ ነው እንዲህ ያለ ቅርስ ላይ ምላጭ የሚያሳርፈው?

ኤክስሬይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እንደ ሐኪም ቤት ሲቲ ስካን በየአቅጣጫው ያነሳና ምስሉን ኮምፒውተር ያገጣጥመዋል። ከዚያ በፈለጉት በኩል "መቁረጥ" ነው፣ ስክሪን ላይ። የሐኪም ቤቱ ማሽን ግን የእንጨቱን ሕዋሳት አያሳይም። ለዚያ በጣም ጠንካራ ጨረር ይፈለጋል። ጃፓን ስፕሪንግ ኤይት የሚባል ተቋም አላት፤ ጨረሩን የሚያመነጩት ኤሌክትሮኖች የሚዞሩበት ቀለበት ዙሪያው 1,436 ሜትር ነው። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንድ ጥንታዊ ጭምብልን እንጨት በዚህ ጨረር ለይተው በፈረንጆቹ 2010 አሳትመዋል። ናሙናው ከሚሊሜትር ያነሰ ስንጣሪ ቢሆን ይበቃል። ፓይን ከሆነ ሙጫ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቦዮች ይታያሉ። ካምፎር ከሆነ ውኃ የሚያልፍባቸው ክብ ቀዳዳዎች፣ አጠገባቸው ደግሞ ያን ሽታ የሚሰጠውን ዘይት የያዙ ወፋፍራም ሕዋሳት። ያንን ምስል ሳየው ልቤ ነው የተነካው።

እውነቱን ለመናገር ዘዴው ሁሌ እስከ መጨረሻው አይደርስም። ብዙ ጊዜ የዛፉን ቤተሰብ ይነግርና የቅርብ ዘመዶቹን መለየት ያቅተዋል።

እኛ ዘንድስ? በእንጨት ላይ ከተሣሉት የድሮ ሥዕሎቻችን ብዙዎቹ ዋንዛ ላይ የተሣሉ ናቸው ይባላል። ዋንዛ ነው፣ ወይራ ነው፣ ጥድ ነው የምንለው ግን ብዙውን ጊዜ በዓይን ግምት ነው። ቅርሱ ከመንበሩ አይነቃነቅም፣ መነቃነቅም የለበትም። ከጀርባው የረገፈች ስንጣሪ ግን መንገድ ትችላለች። በቅርስ ጥገና ላይ ያላችሁ፣ አደራ፣ ከአቧራው ጋር ጠርጋችሁ አትድፏት። ሙጫና ፕላስተር አታስነኳት። ትንሽ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ አድርጓት። ከየትኛው ቅርስ፣ ከየትኛው ጎን፣ መቼ እንደወደቀች ጻፉበት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይደበዝዛል።

በቸር ያገናኘን።