ወርቃማው ጥድ ለምን አረንጓዴ ሆነብኝ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት መሬት ለመሬት ስለሚሳበው ወርቃማ ጥድ ካወራን ወዲህ ስልካችን አላረፈም። የቻልነውን እንመልሳለን።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ ስገዛው እንደ ወርቅ ያበራ ነበር። አጥሩ ጥግ ተከልኩት፤ አሁን ጭራሽ አረንጓዴ ሆነ። ሻጩ ሸውዶኝ ይሆን?

አብሽሩ እናቴ፣ አልተሸወዱም። ቢጫነቱን የሚያወጣው ፀሐይ ነው። ጥላ ሲበዛበት ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል። በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። ደሴ ላይ ደግሞ የጦሳ ተራራ የከሰዓቱን ፀሐይ ቶሎ ይሸፍንብናል፤ ስለዚህ የጠዋቱ ፀሐይ በደንብ የሚያርፍበት ቦታ ይምረጡ። ተክሉ ገና ትንሽ ከሆነ ሐምሌ ላይ ከነአፈሩ አንስተው ያዛውሩት። ከወርቃማው መሀል አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ግን ከመነሻው ይቁረጡት። ጉልበተኛ ስለሆነ ሌላውን ይውጠዋል።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ውርጭ መታውና ጫፉ መዳብ መሰለ። ላስቲክ ላልብሰው?

ኧረ ይተዉት! ከእነዚህ ጥዶች አንዱ ዝርያ የሰሜን አሜሪካ ነው፤ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድ ብርድ ይችላል። የደሴ ውርጭ ለእሱ ምኑም አይደል። አንዳንዱ ዓይነት በብርድ ወቅት መዳብማ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ሙቀት ሲመጣ ቀለሙ ይመለሳል። ላስቲክ እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ነው የሚያተርፍልዎ።

ከኮምቦልቻ፦ ጠዋት ማታ አጠጣዋለሁ፤ እሱ ግን ይደርቃል። ውሃ ልጨምርለት?

ወንድሜ፣ እንዲያውም ቀንስ! ከብርድ ይልቅ ይህን ጥድ የሚገድለው ውሃ ነው። ሥሩ ሲታፈን ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም፤ ቅጠሉም ውሃ የጠማው ይመስላል። ሰው ይሄኔ ባልዲ ያነሳል፣ ተክሉ ያልቅለታል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ ሞቃትና እርጥብ አፈር ደግሞ ብስባሴውን ያፋጥነዋል። ጥቂት አፈር ገለጥ አድርገህ ሥሩን እየው። ጠቁሮ ከላላ አትድከም፣ ንቀለው። ነጣ ያለ ጤነኛ ሥር ካለው ማጠጣቱን አቁም፤ አፈሩ ጣትህን አስገብተህ ስትሞክረው ሲደርቅ ብቻ አጠጣው። አፈርህ ዋልካ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ አሸዋ መሙላት አያዋጣም፤ ውሃው እንደ ገንዳ ይጠራቀምበታል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥራና እዚያ ላይ ትከል፤ ተዳፋት ካለህማ ሌላ ቦታ አትፈልግ። በበጋ ቅጠሉ አመድ ከመሰለ ከቅርንጫፉ በታች ነጭ ወረቀት ይዘህ አራግፈው። የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ካየህ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ነው፤ በውሃ ግፊት እጠበው።

ከኩታበር፦ ተዘርግቶ መንገዱን ዘጋብን። ከግንዱ ብቆርጠው ያቆጠቁጣል?

አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍ አይደለም። ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አዲስ ቡቃያ አይመጣም። ቅጠል ያለበትን ጫፍ ብቻ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይከርክሙ። ሲተከል ለእያንዳንዱ 1.5 ሜትር ቢተውለት ኖሮ ይሄ ጣጣ ባልመጣ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ከፍሬው ማብቀል ይቻላል?

ይበቅል ይሆናል፤ ወርቃማ መሆኑን ግን ማንም አያረጋግጥልዎም። በቁራጭ ያባዙት። የዘንድሮ ቅርንጫፍ ከአሮጌው እንጨት ትንሽ ልጣጭ ይዞ እንዲወጣ አድርገው ይገንጥሉ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ይትከሉ፣ ጥላ ያድርጉለት። ሥር ለማውጣት ወራት ይፈጃልና ቶሎ ነቅለው አይዩት።