«ወርቅ የሆነ ነገር አይቆይም»፦ የሮበርት ፍሮስት 8 ስንኞች

[ስክሪን፦ ጥቁር መደብ። ስንኞቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ።]

በእንግሊዝኛው 8 ስንኝ፣ 40 ቃል። ግጥሙ በዚህ አበቃ። አሜሪካዊው ገጣሚ ሮበርት ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1923 ሲያሳትመው የ49 ዓመት ሰው ነበር። ሐሳቡ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

የተፈጥሮ የመጀመሪያው አረንጓዴ ወርቅ ነው። ከቀለሞቿ ሁሉ ይዛ ለማቆየት የሚከብዳት እሱ ነው። ገና የወጣው ቅጠሏ አበባ ነው፤ ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ቅጠል ወደ ቅጠልነት ይወርዳል። ኤደንም እንዲሁ ወደ ሐዘን ሰጠመች። ንጋትም እንዲሁ ወደ ቀን ይወርዳል። ወርቅ የሆነ ነገር አይቆይም።

ብዙ ሰው ይህን አንብቦ «ውበት ያልፋል» ይልና ገጹን ይገልጣል። በ1967 በወጣ አንድ የታዳጊዎች ልብ ወለድ ውስጥ ስለተጠቀሰ፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚያውቀው በዚሁ ትርጉም ነው። ስህተት አይደለም። ግን ግጥሙ ከዚህ በጣም አልፎ ይሄዳል። ዛሬ ጠጋ ብለን እንየው።

[ስክሪን፦ ቅጠሉ ገና የሚፈነዳ የሜፕል ዛፍ።]

መጀመሪያ ወርቁን እንያዝ። ፍሮስት ብዙ ዘመን የኖረው ሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየርና ቨርሞንት ውስጥ ነው። እዚያ ዛፉ በረዷማውን ክረምት ሙሉ ራቁቱን ይቆማል። ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ላደገ ሰው ይህን መገመት ይከብዳል፤ የኛ አብዛኛው ዛፍ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይራቆትም። ጸደይ ሲመጣ ስኳር ሜፕል የሚባለው ዛፍ ቢጫ የሚያደላ አበባ ያንጠለጥላል። ገና የሚወጣ ቅጠልም አረንጓዴ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ስላልሞላለት ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቦስተን አካባቢ የምትኖሩ፣ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ መጀመሪያ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ። ፍሮስት «አረንጓዴው ወርቅ ነው» ሲል መጀመሪያ የሚነግረን በዓይኑ ያየውን ነው። ተምሳሌቱ የሚቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው። ለኔ ትልቅ ገጣሚ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ወርቅ ደግሞ የማይዝግ፣ የማይጠፋ ነገር ነው። ሰው ሀብቱን በወርቅ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ፍሮስት ይህንን የጽናት ምልክት ወስዶ፣ ዛፍ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ቶሎ ለሚጠፋው ሰጠው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በዚህ ግጥም ውስጥ ቅጠሉን ማን ሰበረው? ነፋስ የለም። በረዶ የለም። የሚቀጥፍ እጅ የለም። ቅጠሉ ወርቅነቱን ያጣው ስላደገ ብቻ ነው። ሳስበው የግጥሙ ሕመም ያለው እዚህ ነው። ስስ ነገር ሲጠፋ የምንወቅሰው ሰው እንፈልጋለን። ፍሮስት ተወቃሽ አልሰጠንም።

ኤደንን ደግሞ እዩ። ዘፍጥረትን እየሰማን ላደግን ሰዎች ኤደን ስትነሳ እባቡ፣ ፍሬው፣ የአዳምና የሔዋን በደል አብረው ይመጣሉ። ፍሮስት አንዱንም አላነሳም። በእንግሊዝኛው በ5 ቃል «ኤደንም እንዲሁ ወደ ሐዘን ሰጠመች» ብሎ አለፈ። ቦታውንም ልብ በሉ። የሰው ልጅን ትልቁን ኪሳራ ከአንድ ቅጠልና ከአንድ ጠዋት መሃል አስገባው። የሦስቱንም ውድቀት በአንድ ዓይን አየው። ድፍረት ነው። ይህን ስንኝ ባነበብኩ ቁጥር ደረቴ ይከብደኛል።

[ስክሪን፦ ንጋት፣ ቀስ ብሎ ወደ ሙሉ ቀን።]

ቀጥሎ የሚመጣው ንጋት ነገሩን ሁሉ ያወሳስበዋል። ሦስቱም ግሦች ወደ ታች ነው የሚሄዱት፤ ቅጠሉ ይወርዳል፣ ኤደን ትሰጥማለች፣ ንጋቱ ይወርዳል። ግን ፀሐይ እኮ ወደ ላይ እየወጣች ነው! ቀን ከንጋት ይበልጥ ብርሃን አለው። አረንጓዴው ቅጠልም ቢሆን ዛፉን የሚመግበው እሱ ነው። ዴሪ በምትባል ከተማ ለዓመታት እርሻ የያዘው ፍሮስት ይህ የሚጠፋው ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ወረደ» ያለው ነገር በሌላ በኩል መሙላት ነው። ትርፉም ኪሳራውም አንድ ቃል ውስጥ ገቡ። አንዳንድ ሐያሲዎች ይህን ይዘው ግጥሙን እንደ ተስፋ ያነቡታል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ቀኑ ቢያስፈልግም ንጋቱ ሄዷል።

ፍሮስት ይህን ከመጻፉ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሯል፤ ኤልየት የሚባለውን የ3 ዓመት ወንድ ልጁን በ1900፣ በተወለደች በቀናት ውስጥ የሞተች ሴት ልጁን ደግሞ በ1907። ግጥሙን የሕይወት ታሪክ አላደርገውም፤ ስለነሱ አንድም ቃል የለበትም። ግን ስለ አላፊነት የጻፈው ሰው በሩቁ እንዳልጻፈ ማወቅ ደግ ነው።

አሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በእንግሊዝኛው። ስንኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቤት ይመታሉ። እያንዳንዱ 6 የድምፅ ቀለም (ሲላብል) አለው። የመጨረሻው ግን 5 ነው። ጆሮ ስድስተኛውን ሲጠብቅ ግጥሙ ያልቃል።

[ስክሪን፦ ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን።]

አንድ ነገር ቀረኝ። በ1920 ፍሮስት የዚህን ግጥም ረዘም ያለ፣ ባለ ሦስት አርኬ (ሦስት የስንኝ ክፍል ያለው) ቅጂ ለወዳጁ ልኮ ነበር። እዚያ ላይ «ቅጠል» ሳይሆን «ቅጠሎች» ይላል፤ «ለአንድ ሰዓት» ሳይሆን «ለሰዓታት»። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ደግሞ ወርቁ ተመልሶ፣ ከበፊቱ ይበልጥ ደምቆ ይነድዳል። በ1923 ቅጠሎቹ አንድ ቅጠል ሆኑ። ሰዓታቱ አንድ ሰዓት ሆኑ። የሚረግፍበት ወቅት ከነወርቁ ወጣ፤ በቦታው ኤደንና ንጋት ገቡ። በኔ እምነት ግጥሙን ግጥም ያደረገው ይህ ቆረጣ ነው። ወርቁ ዓመቱ ሳያልቅ የሚመለስ ቢሆን፣ አንባቢ ስለ አንድ ቅጠል ምን ያስጨንቀው ነበር?