ወለል ያጣችው ቢጫ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ውድ ሠልጣኞች፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አምስት ሳምንት አብረን ከርመናል። የመጀመሪያው ቀን ኮማ ረስታችሁ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ሲሞላ፣ "በቃ ወደ ኤክሴሌ ልመለስ" ያላችሁትን አልረሳሁም። ስም አልጠራም። ዛሬ አር (R) የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ቋንቋ ለምዳችኋል። እንግዲህ ሰርተፍኬቱ ከመሰጠቱ በፊት ስለ ባር ቻርት፣ ቁጥርን በዓምድ ቁመት ስለሚያሳየው ሥዕል፣ የሆዴን ልናገር።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት አቀረብኩ። የስድስት ዓመት መረጃ ነው፤ በየዓመቱ አምስት ክፍል አንድ ባር ላይ ተደራርቧል። ለቀለሙ ብቻ አንድ ሌሊት አድሬበታለሁ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ያቺ መሀል ያለችው ቢጫ ካምና ዘንድሮ ጨመረች ወይስ ቀነሰች?" ዞሬ አየሁ። ቀረብ ብዬ አየሁ። ላፕቶፔ ላይ አጎንብሼ አየሁ። ከሥሯ ያለችው ሰማያዊ ከፍ ዝቅ ስለምትል ቢጫዋ የምትቆምበት ወለል የላትም። ሞሰብ ውስጥ ከተደራረበ እንጀራ መሀል ወፍራሙን በዓይን ለይ እንደማለት ነው። "አጣርቼ እነግርዎታለሁ" አልኩ። "የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?" አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

አስቤበት የደራረብኩ መስሏችሁ? ጂጂፕሎት2 (ggplot2) በሚባለው የአር የሥዕል ጥቅል ላይ፣ ባር የሚሠራው ጂኦም ባር (geom_bar) የሚባለው ትእዛዝ ካልነገሩት በራሱ ይደራርባል። የአር የራሱ ባር መሥሪያ ባርፕሎትም (barplot) ቢሳይድን ትሩ (beside = TRUE)፣ ማለትም "ጎን ለጎን" ካላሉት ያው ነው። የባሮቹን አቀማመጥ በሚወስነው ፖዚሽን (position) ላይ ዶጅ ("dodge") ብዬ ብጽፍ ባሮቹ ጎን ለጎን፣ አንድ ወለል ላይ ይቆሙ ነበር። አንዲት ቃል! ለቀለም ሌሊት የሚያድር ሰው አንዲት ቃል ይከብደዋል?

ዶጅ ሁሉን ያድናል አላልኩም። የሰመጠችውን መርከብ፣ የታይታኒክን ዳታ አስታውሱ። ከአንደኛ ማዕረግ 203 ሰው ተረፈ፤ ከመርከቡ ሠራተኞች 212። እነዚህን ሁለት ባሮች ብቻ ጎን ለጎን ያየ ሰው ሠራተኛው ቀንቶታል ይላል። የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ግን 325 ነበር፤ ሠራተኛው 885። የተረፈውንና የሞተውን አንድ ባር ላይ አድርጋችሁ ፖዚሽኑን ፊል ("fill") ስትሉት ሁሉም ባር እኩል መቶ በመቶ ይሆንና ጉዱ ይወጣል፦ ከአንደኛ ማዕረግ የተረፈው 62 ከመቶ ገደማ፣ ከሠራተኛው 24 ከመቶ።

ምጣኔ ስትደራርቡ ካየሁ ግን አልምርም! ከአር ጋር የሚመጣ የቨርጂኒያ የሞት ምጣኔ ዳታ አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1940 ነው፣ ከሺህ ሰው የተሰላ። ዝም ብላችሁ ባርፕሎት ውስጥ ክተቱት። የገጠር ወንዶችን አምስት የዕድሜ ክልል አንዱን ባንዱ ላይ ቆልሎ 163.7 ይደርሳል። የምን 163.7? ማንን ቆጥሮ? ምጣኔ እንደ ጤፍ አይደመርም!

የቀረው ቀላል ነው። ስትደራርቡ ዋናውን ክፍል ከታች አድርጉት። ዶጅ ላይ አንድ ክፍል ጎድሎ ባሩ ከወፈረባችሁ፣ የዶጅን ፕሪዘርቭ ሲንግል (preserve = "single") በሉት፤ የእያንዳንዱ ባር ውፍረት እኩል ይሆናል።

ምሳ ደርሷል ተብያለሁ። ከኋላዬ ባነሩ ላይ ያለውን የተደራረበ ቻርት ማን እንደሠራው አልጠይቅም። ኮዱ ያለው ሰው ግን ከምሳ በኋላ ይዞልኝ ይምጣ።