የፈረሰውንም ዕድር እናጥና

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራማሪዎች፣

ማኅበራዊ ፈጠራን፣ ማለትም ሰዎች ለጋራ ችግራቸው የሚያበጁትን አዲስ አሠራር ስናጠና ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደተሳካለት ነው። አውራ አምባን እንውሰድ። ዙምራ ኑሩና ጓደኞቻቸው በ1964 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል። ድንቅ ነው፤ ሊጠናም ይገባዋል። ግን አውራ አምባ የሚያሳየን እንዲህ ያለ ኑሮ እንደሚቻል ነው። ሌላው መንደር ለምን እንደዚያ እንዳልሆነ ለማወቅ ያንን መንደርም ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ዕድር ልምጣ። መነሻው ቀብርና ሐዘን ነው። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን ግን አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ታማሚ መንከባከብ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ለእኔ ይኼ ትልቅ ማኅበራዊ ፈጠራ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ድንኳንና ወንበራቸውን ይዘው በቀድሞ ሥራቸው ቀጠሉ።

ናሙናችሁ የተለወጡት ብቻ ከሆኑ «ጠንካራ ዳኛ ስላላቸው ተሳካላቸው» ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ያልተለወጠውም ጠንካራ ዳኛ ቢኖረውስ? ስለዚህ ጥንድ ምረጡ። አንድ ሰፈር ያሉ፣ የአባላቱ ኑሮና ወርሃዊ መዋጯቸው የሚቀራረብ፣ አንዱ የተለወጠ፣ ሌላው ያልተለወጠ ይሁኑ። ያኔ ምን እንደለያቸው መፈለግ ይቻላል። ከተቻለ የፈረሰም ጨምሩ። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ አባላቱ የተበተኑበት ዕድር ጸሐፊ እኮ የሆነ ቦታ ይኖራል። መዝገቡንም አስቀምጦት ይሆናል። ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምታወሩት ነገር ከብዙ መጠይቅ ይበልጥብኛል።

የምትመርጡባቸውን ዕድሮች ዝርዝር ማን እንደሰጣችሁም እዩ። ድጋፍ የሚያደርገው ድርጅት ከሆነ፣ ለእንግዳ የሚያሳያቸውን ነው የሚሰጣችሁ። ክፋት አይደለም፤ ማንም የሚኮራበትን ያስቀድማል። እናንተ ግን ያቋረጡትን ጭምር ሙሉውን ጠይቁ።

«ሁለትና ሦስት ዕድር ምን ይበቃል?» የሚላችሁ አይጠፋም። የከተማውን ዕድር ሁሉ እንወክላለን እስካላላችሁ ድረስ ይበቃል፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በጥልቀት ለመረዳት ነውና የመረጣችሁት። ከገማጋሚ ፊት የሚያስጥላችሁ የቁጥሩ ማነስ ሳይሆን የምርጫው ምክንያት አለመጻፉ ነው። የትኛውን እንደመረጣችሁ፣ የትኛውን እንደተዋችሁ፣ ለምን እንደተዋችሁ ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አመሰግናለሁ።