ማግኔት የያዘው ሁሉ ከሰማይ አልወረደም

የተከበራችሁ የደላንታ አባቶችና እናቶች፣ ከገደል ወገብ ኦፓል የምታወጡ ወጣቶች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ጥቁር ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ «የሰማይ ድንጋይ ነው፣ ማግኔት ይይዘዋል» የሚል ሰው በዝቷል። ደላላውም አብሮ በዝቷል። ዋጋውን ለጊዜው እንተወውና ድንጋዩን እንየው።

አብዛኛው ሜትዮራይት፣ ማለትም ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ፣ ብረትና ኒኬል የሚባል ሌላ ብረታብረት ስላለበት ማግኔት ይይዘዋል፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ያለው አገራችን ላይ ነው። ከወገል ጤና እስከ ደሴ የምንረግጠው ምድር በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባዛልት የሚባል ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን አለ፤ ስለዚህ የግቢያችሁ ካብም ማግኔት ሊስብ ይችላል። ሰሃራ አሸዋ ላይ ጥቁር ድንጋይ ያገኘ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ ግን ጥቁር ድንጋይ የሌለበት ማሳ የታለ?

እንግዲህ መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩ። የተበሳሳ ከሆነ ጋዝ የወጣበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም አንጥረኛ የጣለው የብረት ዝቃጭ ነው፤ መልሱት። ሜትዮራይት እንዲህ አይበሳሳም ማለት ይቻላል፤ ላዩ ግን አውራ ጣት የተጫነው ጭቃ መስሎ ሊጎደጉድ ይችላል። በቅርብ የወደቀ ከሆነ ደግሞ አየር ውስጥ ሲነድ የቀለጠ፣ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም የማይወፍር ጥቁር ልባስ አለው። በእጅ ሲመዝኑት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል።

ከዚያ የቡና ስኒ ገልብጡ። ከሥሩ ያልተለበጠ ሻካራ ጠርዝ አለ፤ ድንጋዩን እዚያ ላይ ጫን አድርጋችሁ ፈትጉት። ቀይ ቡናማ መስመር ከተወ ሄማታይት የሚባል የምድር የብረት ማዕድን፣ ጥቁር ግራጫ ከተወ ማግኔታይት መሆኑን ጠርጥሩ። ዝገት ያላገኘው ሜትዮራይት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይተውም። (እናቶች፣ ለዚህ ጆሮው የተሰበረው ስኒ ይበቃል።) ይህን ካለፈ አንዷን ጥግ ብቻ በሞረድ አሹ። ግራጫው ውስጥ ብር የመሰሉ ደቃቅ የብረት ነጠብጣቦች ካብለጨለጩ ያን ጊዜ ልባችሁ ይምታ።

ልብ መምታቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ኒኬሉን የሚለካው ላቦራቶሪ ነው። ያገኛችሁበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፣ ድንጋዩን አትስበሩት፣ በአሲድ አትጠቡት። ኃይለኛ ማግኔት ደግሞ ጨርሶ አታስጠጉት፤ ድንጋዩ ከጠፈር ይዞት የመጣውን፣ ተመራማሪ የሚፈልገውን የመግነጢስ አሻራ ያጠፋዋል። የዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ መምህር ዘንድ እንዳለ ይድረስ።

በሉ፣ ፌስታል የያዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ስኒውም ሞረዱም እዚህ አለ።