ድሬድኖት ላይ የወጡት «የሐበሻ መሳፍንት»

እንደምን አመሻችሁ! የፎቶ ወዳጆች፣ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማሳያችሁ የአንዲት እንግሊዛዊት የጦር መርከብ ፎቶዎች ናቸው። «ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» ያላችሁ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይገባል።

መርከቧ ድሬድኖት ትባላለች። በየካቲት 1906 በፈረንጅ አቆጣጠር ፖርትስማውዝ ላይ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ራሳቸው መርቀው ወደ ውኃ አስገቧት። ርዝመቷ 160 ሜትር፣ አፋቸው 305 ሚሊሜትር የሆነ 10 መድፎች የታጠቀች፣ በእንፋሎት ተርባይን በ21 ኖት (በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ) የምትበር ጉድ ነበረች። ከሷ በፊት የተሠሩት በአንድ ጀንበር አሮጌ ሆኑ። ከሷ በኋላ የተሠሩት ደግሞ በሷ ስም «ድሬድኖት» እየተባሉ ተጠሩ።

ከጎን የተነሳችበትን ፎቶ ስታዩ መድፎቹ ላይ አትፍዘዙ። ባለ ሦስት እግሩን ምሰሶ ፈልጉ። የቆመው ከፊተኛው ጭስ ማውጫ ጀርባ ነው። ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚወጡት መርከበኞች ሥራ ጥይቱ የት እንዳረፈ አይቶ መንገር ነው። መርከቧ ወደፊት ስትገሠግሥ ግን ትኩሱ ጭስ ፊታቸው ላይ ይመጣል። እንጨት የሚነድበት ማድ ቤት ያደገ ሰው ሥቃያቸው ወዲያው ይገባዋል። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ዓይንን ጭስ ውስጥ መትከል! ጉዳዩን ለመረዳት አንድ ፎቶ ይበቃል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሁለተኛው ፎቶ ባሕር የለውም፤ ለንደን ውስጥ ስቱዲዮ የተነሳ ነው። ስድስት ሰዎች አሉበት። አራቱ ጠምጥመዋል፣ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል፣ ጺም ለጥፈዋል። ቀኑ የካቲት 7፣ 1910 ነው፤ በኛ ጥር 30፣ 1902። የዚያን ቀን የባሕር ኃይሉ አዛዥ «የሐበሻ መሳፍንት ይመጣሉና ተቀበሏቸው» የሚል ቴሌግራም ደረሳቸው። በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ትልቅ ባለሥልጣን ስም የተላከ ቢሆንም የሐሰት ነበር።

ፎቶው ላይ ያሉት ቀልደኞች «መኳንንት» መስለው በባቡር ወደ ድሬድኖት መጡ። ምንጣፍ ተነጠፈላቸው፣ ባንዱም ተሰለፈ። የኢትዮጵያ ባንዲራ ግን አልተገኘም። ስለዚህ የዛንዚባር ተሰቀለ፣ የዛንዚባር መዝሙርም ተመታ! «ልዑላኑ» የላቲንና የግሪክ ግጥም ቆራርጠው እያወሩ አንዱ አስተርጓሚ ነኝ ብሎ «ተረጎመ»። ምግብ ሲቀርብ እምቢ አሉ፤ የተለጠፈው ጺም እንዳይወድቅ።

በግራ ጫፍ የተቀመጠው ጺማም ሴት ናት፤ በኋላ ቨርጂኒያ ዎልፍ ተብላ ዓለም ያወቃት ደራሲ። አስተርጓሚው ወንድሟ ኤድሪያን ነው። መርከቧ ላይ የነበረው መኮንን ዊልያም ፊሸር የአክስት ልጃቸው ሆኖ ሳለ ሁለቱንም አላወቃቸውም።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ በጣም ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ከነከነኝ። ልብሱን እዩት፤ የኛ መኳንንት እንዲህ አይለብሱም። ከ8 ዓመት በፊት እኮ ራስ መኮንን ለዚሁ ንጉሥ ዘውድ መጫን እንግሊዝ ሄደው ነበር። ያንን ያስታወሰ አንድ ሰው አልነበረም። ፎቶው በተነሳበት ሰዓት ደግሞ እውነተኛው ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ታመው ተኝተዋል። እነዚያ በለጠፉት ጺም ሲስቁ አዲስ አበባ ጭንቅ ላይ ነበረች።

ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣና የባሕር ኃይሉ መሳቂያ ሆነ። መርከቧ በ1915 አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ገጭታ አሰጠመች፤ ያውም በመድፍ ሳይሆን በአፍንጫዋ! እንግሊዝና ጀርመን በባሕር የተዋጉበት ታላቁ የጃትላንድ ውጊያ ሲካሄድ ጥገና ላይ ነበረች። በመጨረሻም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

በሉ መብራቱን አጥፉልን። መጀመሪያ የምትመጣው መርከቧ ናት። ምሰሶውን ቀድሞ ያገኘ እጁን ያውጣ።